በቀኝ በኩል የሚወጡበት ፈረስ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሶልቪ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጆይስ እንዴት ናት? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ በጎችህ፣ መንገደኛ ባየ ቁጥር የሚያብደው ውሻህ ሁሉም ደህና ናቸው? ያንተን ጤና የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። አንተ እየሞትክም ቢሆን "ደህና ነኝ" ማለትህ አይቀርም፤ እውነቱን ደግሞ ጆይስ በስልክ አስቀድማ ነግራኛለች። ደረጃ በጎንህ እንደምትወርድ፣ ካልሲህን አልጋ ላይ ተጋድመህ እንደምታጠልቅ ሰምቻለሁ። እሷን አትቆጣት፤ እኔ ነኝ ወጥሬ ያስለፈለፍኳት።

እኛ ሁላችን ደህና ነን። በጎቹ ከተራራ ወርደዋል፣ ድርቆሹ ገብቷል፣ የዘንድሮው የመጀመሪያ በረዶ የተራሮቹን ጫፍ ነካ ነካ አድርጓል። ባለፈው ደብዳቤዬ ከናፍቆትህና ከግራ ዳሌዬ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብዬህ ነበር። ዳሌውን አሁን ሰርዘው፤ ናፍቆቱ እንዳለ ነው።

አንተ በመልስህ "የአባታችንን ዳሌ ነው የወረስነው፤ እሱም ቢላ ሳይነካው ኖሯል፤ እኔም አልቆረጥም" ብለህ ጽፈህልኛል። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ለዚያች ቃልህ መልስ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ፤ መቀመጥ ከቻልክ።

አባታችን ቢላ ሳይነካው እንዴት እንደኖረ አንተ አላየህም፤ ያን ጊዜ ወደ ኒውዚላንድ ሄደሃል። እኔ ግን አይቻለሁ። የሸለቋችን የሀምራዳሉር ልማድ መቼም አይጠፋህም። በመስከረም በጎቹን ከተራራ ሊያወርድ የሚወጣውን ሰልፍ የሚመራው የተራራ ንጉሥ፣ በመስኩ በር ላይ፣ አገር ቆሞ እያየው፣ ማንም ሳይደግፈው ኮርቻው ላይ ይወጣል። እሱ ሳይወጣ ሌላው አይወጣም። በመጨረሻው ዓመት አባታችን እግሩን እርካብ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ፤ ዳሌው እምቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። አንድ ሰው ለደግ ብሎ ከሥር እጁን ሊያስደግፈው ሲል አባታችን እግሩን አወረደ፤ ልጓሙን ለአጎታችን ሰጠውና በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ተራራውን ያየው በወጥ ቤቱ መስኮት ነው፤ ወንበሩንም ከዚያ አላነሣም። እንግዲህ "ኖሯል" የምትለው ይህን ነው።

ከአጎታችን በኋላ መሪነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ሰዎቹ በቀልድ "ንግሥት" ይሉኛል፤ እኔ ግን ሥራውን በቀልድ ይዤው አላውቅም። አምና ኮርቻ ላይ የወጣሁት ጥርሴን ነክሼ ነው። ከአጠገቤ ቆማ የነበረችው ልጄ ኤይዲስ ብቻ ማቃሰቴን ሰማች። ኤይዲስ ደግሞ ነገር አታሳድርም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘችልኝ። እኔም የአባቴ ወንበር ታይቶኝ ሳልከራከር ሄድኩ።

በየካቲት ወደ ከተማ ወስደው ዳሌዬን በብረት ቀየሩልኝ። ያደነዘዙኝ ከወገቤ በታች ብቻ ስለነበር ከመጋረጃው ማዶ መዶሻው ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ልክ ባለቤቴ ስቴይን አጥር ሲጠግን የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ ስቴይን ሥራ ላይ ዝም ይላል፣ እነሱ ግን ስለ እግር ኳስ ያወሩ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ነርስ መጥታ ተነሺ አለችኝ። ትናንት እኮ ነው የተቆረጥኩት አልኳት። ትናንትማ አለፈ አለችኝ። ተነሣሁ። ያማል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያማል፤ ግን ሌላ ዓይነት ሕመም ነው። የድሮው ሕመም እያደር ይብስ ነበር፤ ይኸኛው እያደር ይቀላል። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ሳምንት በቃኝ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙን ብዙም አላየሁትም፤ ዕጣዬ ከቤርጉር ጋር ሆነ። ቤርጉር በመንደሩ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት፣ የተጎዳ ገላን በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ ነው፤ የምዕራብ ባሕር ዳርቻ ልጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ዘር፣ ቁመናው በር የሚሞላ፣ ፈረስ ግን የሚፈራ። በመጀመሪያው ቀን የከለከለኝን ነገር ሰምቼ ሳበቃ የተፈቀደልኝ መተንፈስ ብቻ መሰለኝ። ከወገብሽ እጥፍ ብለሽ አትጎንበሺ፣ እግርሽን አታጣምሪ፣ የግራ እግርሽን ጣት ወደ ውስጥ አታዙሪ አለኝ። ስቴይን ወንበሮቹን ሁሉ እንጨት ላይ ከፍ ከፍ አድርጎ አቆማቸው፤ እንግዳ ሲመጣ እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ኤይዲስ ደግሞ የክንድ ርዝመት ያለው የጫማ ማጥለቂያ ገዛችልኝ። ቆመህ፣ ሳትጎነበስ፣ ተረከዝህን በሱ እያንሸራተትክ ጫማህ ውስጥ ትገባለህ። ድመቷን ከወንበር ለማስነሣትም ይረዳል። ይህንን ዕቃ አስታውሰው።

ሥራው ራሱ ሲበዛ አሰልቺ ነው። በጎንህ ተኝተህ እግርህን ታነሣለህ፣ ታወርዳለህ። በጀርባህ ተኝተህ መቀመጫህን ታነሣለህ፣ ታወርዳለህ። አንዲት አጭር ደረጃ ላይ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፤ የትም አትደርስም። መስታወት ፊት በግራ እግሬ ብቻ ሲያቆመኝ ገላዬ በሙሉ ወደ ግራ ይንጋደድ ነበር። ዳሌሽን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ሰንፏል፣ አንቺ ደግሞ ሸክሙን በመንጋደድ ትሸፍኚለታለሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው አረማመድ ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብዬ ማን እንደሚያነክስ እመለከታለሁ፤ ቄሱም ጉልበታቸው ደህና አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እዚህ ቤት እንቁላሏ እኔ ነበርኩ።

በሳምንት ሁለቴ ደግሞ በመንደሩ መዋኛ ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ ወደፊትና ወደ ኋላ መራመድ ነበረብኝ። ራቁትን ታጥቦ ካልሆነ መግባት የለምና፣ ጠባሳዬን ከሴቱ ወገን ያላየ የለም። ከዚያ በሙቁ ገንዳ እስከ አንገታቸው ተዘፍቀው በዳሌዬ ላይ ይመክራሉ። አንዷ ጠባሳው ትልቅ ነው ትላለች፣ አንዷ የእህቴ ይበልጣል ትላለች። ሎፍቱርም ከዚያ ገንዳ አይጠፋም ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለውን ጎረቤታችንን ሎፍቱርን መቼም አትረሳውም፤ ትምህርት ቤት ትታገሉ የነበራችሁት፣ እኔ ብወድቅ የመሪነቱ ተራ የሱ የሆነው። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ "ኦድኒ፣ ዘንድሮ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ይዘጋጅልሽ?" አለኝ። የወንበሩን ነገር የማያውቅ ስለሌለ ማንም አልሳቀም። እኔም "አንተ መጀመሪያ ከውሃው ውጣና እንተያያለን" አልኩት። እሱ ግን ሁላችን ወጥተን እስክንሄድ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላለም። ሙቀቱ ተስማምቶት ነው ብዬ ተውኩት።

በግንቦት ራሴን አዋረድኩ። በጎቹ ይወልዱ ነበር፤ ኤይዲስ በማዶው በረት ስትባክን እዚህ አንዲት አዲስ ወላጅ ጠቦቱ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ተቀረቀረባት። ቤርጉር ያለኝን አልረሳሁም፤ ግን ሰው ከልጅነቱ በሠራው ሥራ እጁ ጭንቅላቱን አያማክርም። ተንበርክኬ፣ እጥፍ ብዬ፣ ክንዴን ሰድጄ ጠቦቱን አወጣሁት። ልነሣ ስዞር ግራ ዳሌዬ ውስጥ አንድ ነገር ሸርተት ብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ኤይዲስ እስክትመጣ ድረስ ጭዱ ላይ ተጋድሜ ቆየሁ። በጓ ጠቦቷን ስትልስ አልፎ አልፎ እኔንም ታዳርሰኝ ነበር። ራጅ ሲያነሡት ብረቱ ከቦታው አልወጣም፤ ጡንቻው ግን ተጎድቷልና ወደ ሁለቱ ክራንች መለሱኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቤርጉር አልተቆጣኝም፤ "ጠቦቱስ?" ብቻ አለኝ። ተርፏል አልኩት። "ጥሩ፤ እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈራሁ። ሕመሙን አይደለም፤ ያንን ሸርተት ማለት ነው የፈራሁት። በግራ እርካብ መውጣት ማለት ግራ ዳሌህን እጥፍ አድርገህ ገላህን በሙሉ እሱ ላይ መጣል ነው። ለስቴይን አልነገርኩትም፣ ለኤይዲስም አልነገርኳትም። ላንተ የምነግርህ ሩቅ ስለሆንክ ነው።

መውጫውን ያገኘልኝ የቤርጉር አላዋቂነት ነው። ፈረስ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ ስለው እንዴት እንደሚወጣ አሳዪኝ አለኝ። በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ እያስመሰልኩ አሳየሁት። "ለምን በዚያኛው በኩል አትወጪም?" አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ሰው በግራ ነው የሚወጣው፤ አባቱም በግራ ነው የወጣው፤ ፈረሱም በግራ ነው የለመደው። ስቄበት ቤቴ ገባሁ። ድንች ስልጥ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። በቀኝ ከወጣሁ የሚታጠፈውም የሚሸከመውም ቀኙ ነው፤ ግራው የሚጠበቅበት ከኋላ ዞሮ መሻገር ብቻ ነው።

በጋውን ሙሉ ብሌሲን በቀኝ በኩል ስናስተምረው ከረምን። ብሌሲ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀዩ ፈረሴ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ግን በቀኝ ስቀርበው የማያውቀው ሰው ቤቱ የገባ ይመስል ይዞር ነበር። መጀመሪያ ቆሜ ማከክ፣ ቀጥሎ እርካቡን በእጄ መጫን፣ ቀጥሎ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሆዴን ኮርቻው ላይ ማስደገፍ፤ እሱም እንደኔ አሰልቺውን ሥራ ሠራ። ቤርጉር ሁለት ጊዜ ሊያየን መጣ። አጥሩን ግጥም አድርጎ ይዞ ከውጭ "ጀርባሽን አቅኚ፣ አትቸኩዪ" ይላል፤ ብሌሲ ጆሮውን ባዞረ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ብሌሲ ከተረዳው በኋላ ድንጋዩን ተውን። ወሬው ወንዙን ተሻግሮ ሎፍቱር "የተገላቢጦሽ ፈረስ" ብሎ ስም አወጣለት፤ ልጆች እንኳ ሲያዩን በዚያ ስም ይጠሩት ጀመር።

በነሐሴ በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ሆነ። ሎፍቱር ከተቀመጠበት ሳይነሣ ተናገረ፤ "ማንም ሳይደግፋት ከወጣች ትምራን፤ ካልወጣች እኔ አለሁ" አለ። ሰው ሁሉ ተስማማ፤ ትክክልም ነበር። በዚያው ሰሞን ቤርጉር ለመጨረሻ ጊዜ መረመረኝ። በግራ እግሬ ብቻ ቆሜ አልተንጋደድኩም። ከዛሬ ጀምሮ በፈለግሽው በኩል ውጪ፣ ዳሌሽ ይሸከምሻል አለኝ። እሺ አልኩት። ቤቴ ስገባ ግን ብሌሲ ላይ በቀኝ በኩል ነው የወጣሁት፤ ግራውን አንድ ቀንም አልሞከርኩትም።

የመውጫው ቀን ደረሰ። አገር ምድሩ በመስኩ በር ተሰብስቦ ሁሉም ፈረሱን በእጁ ይዞ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሎፍቱር ብቻ ከቤቱ ጀምሮ ጥቁሩ ፈረሱ ክሩሚ ላይ እንደተቀመጠ መጣ፤ አልወረደምም። መሪው ሳይወጣ ኮርቻ ላይ መቆየት እዚህ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃለህ። ንቀት ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ለካ ቁጣም ይጠቅማል፣ ፍርሃቴን አስረሳኝ። በብሌሲ ቀኝ በኩል ዞርኩ። ከኋላዬ ጉምጉምታ ተነሣ። ያኔ ስቴይን፣ በዓመት አንዴ እንኳ በሰው ፊት የማይናገረው ስቴይን፣ "ልማዱ ሳይደገፉ ነው የሚለው፤ በየት በኩል አይልም" አለ። ቀኝ እግሬን አስገባሁ፣ ተነሣሁ፣ ግራውን አሻገርኩ። ተቀመጥኩ። ብሌሲ እንደ ግድግዳ ቆመልኝ። ኤይዲስ ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ስትጠርግ አየኋት። እኔም ደስ አለኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ባጭር ደብዳቤ በጻፍኩልህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከላይኛው ሸንተረር ላይ ሆኜ ሰዎቼን በመስመር ዘርግቼ በጎቹን ወደ ታች እያስነዳሁ ነበር። ጉም ከሰሜን ይመጣ ጀመር። ከታች፣ ከረግረጉ ወዲህ፣ ሎፍቱር ክሩሚን እየጎተተ በእግሩ ሲሄድ አየሁ። መጀመሪያ ፈረሱ ጫማው ወልቆበት ይሆናል አልኩ። ቆይቼ አረማመዱን አስተዋልኩ። ግራ እግሩን በረገጠ ቁጥር ገላው በሙሉ ወደ ግራ ይንጋደዳል። ያንን መንጋደድ መስታወት ውስጥ ስታገለው ከርሜ፣ ካንድ ተራራ ማዶስ ቢሆን ይጠፋኛል? ገንዳውም፣ ስብሰባው ላይ አለመነሣቱም፣ በሩ ላይ ከፈረስ አለመውረዱም ባንድ ጊዜ ተገለጡልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

ከጎኔ ለነበረችው ኤይዲስ መስመሩን እንድትይዝ ነግሬያት ወደ ታች ወረድኩ። ክሩሚ ደክሞታል፣ ላሳርፈው ብዬ ነው አለኝ። ክሩሚ ሣር ይግጥ ነበር።

"ሎፍቱር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ዳሌህ ነዋ።"

ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ከዚያ "ካቻምና" አለ። ዛሬ አንዲት በግ ረግረግ ገብታ ሊያወጣት ከፈረሱ ወርዶ ነው ተመልሶ መውጣት ያቃተው። ቤቱ ከጎተራው ጀርባ ሚስቱ ግሬታ ቆሞበት የሚወጣበት ሣጥን ታቀርብለታለች፤ ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ወደ እኔ ሳያይ ነው። አንድ ሰው ልጥራና ይደግፍህ ብለው "እዚሁ ባድር ይሻለኛል" አለኝ። ማደሪያው ጎጆ በእግር ለሚሄድ ጤነኛ ሰው እንኳ ሩቅ ነበር፤ ጉሙም ረግረጉ ላይ ደርሷል። በገንዳው ያለኝን ልመልስለት እችል ነበር፤ አፌ ላይም መጥቶ ነበር። አጎንብሶ የቆመውን ሳየው ግን የታየኝ አባታችን ነው፤ ልጓሙን ሰጥቶ ሲመለስ።

ከብሌሲ ወረድኩና "ማንም አይደግፍህም። ይኼው፣ የተገላቢጦሹን ፈረስ ውሰድ፤ በቀኝህ ውጣ" አልኩት።

ፈረሱን አየው፣ እኔን አየኝ። ብሌሲን ዝቅ ያለ ቦታ አቆምኩለት። ቤርጉር ለኔ እንዳለኝ አትቸኩል፣ ጀርባህን አቅና አልኩት። በቀኝ እግሩ ወጣ፤ ግራውን ሲያሻግር አቃሰተ፤ ተቀመጠ። ብሌሲ አልተነቃነቀም። ሎፍቱር አንገቱን ደፍቶ የብሌሲን ጋማ ሲያስተካክል ቆየ፤ የሚስተካከል ግን አልነበረውም።

ያን ጊዜ ነው እኔ ከማን ጋር እንደቀረሁ የገባኝ። ክሩሚ ረጅም ነው፣ ቁጡ ነው፣ በቀኝ ስጠጋው ጆሮውን አጥፎ ዞረብኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ ዞረ። ድንጋይ የለም። ያለው አማራጭ ሎፍቱርን ውረድ ማለት ወይም በግራ መውጣት ነው። ጭዱና በጓ ታዩኝ። ግራ እግሬን አንሥቼ እርካቡ ውስጥ ከተትኩ፤ ዳሌዬ እጥፍ አለ፤ ገላዬን ጣልኩበት። ያ ሸርተት ማለት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ኮርቻው ላይ ሆኜም ጠበቅኩት። ሎፍቱር ፊቱን አዙሮ ስለነበር ያየኝ የለም፤ በበሩ ላይ አገር ሁሉ ካየኝ ይልቅ ግን ይኸኛው ነው ያስለቀሰኝ። ጉሙ ነው ብዬ ፊቴን ጠረግሁ።

ሥራው ቀናት ይፈጃልና እስከ መጨረሻው ቀን ፈረስ ተለዋውጠን ቆየን። በጎቹ በሚለዩበት በረት ሰው ሁሉ ምነው ብሎ ሲጠይቅ ሎፍቱር "ንግሥቲቱ እውነት ድና እንደሆነ ልፈትናት ብዬ ነው" አለ። እኔም አላስተባበልኩም። ስንሰነባበት ግን ልጓሙን ሲያቀብለኝ እጄን ከተለመደው በላይ ያዝ አድርጎ ነው የለቀቀኝ። ባለፈው እሑድ ግሬታ እየነዳች ቤታችን መጡ። ከፍ ያለው ወንበር ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠና በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋችንን ግማሽ ከጨረሰ በኋላ የቤርጉርን ስልክ ጠየቀኝ። ቀኑ ተቆርጦለታል፤ ገናን ካከበረ በኋላ ሆስፒታል ይገባል። የጫማ ማጥለቂያውንም ይዞት ሄደ።

ሶልቪ ወንድሜ፣ እንግዲህ የአባታችን ዳሌ ይህ ነው። አንተ የወረስከው ዳሌውን እንጂ ወንበሩን አይደለም። አባታችን ምርጫ አልነበረውም፤ አንተ አለህ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ጆይስ በአገራችሁም እንደ ቤርጉር ያሉ ሞልተዋል ብላኛለች፤ ስም እንኳ አግኝታልሃለች፣ እንዳትቆጣ ፈርታ ነው ያልነገረችህ።

ለጆይስ እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ በሶምሶማ የሚሮጡትን የልጅ ልጆችህን ሁሉ በየስማቸው ሳምልኝ። ስቴይን ሰላም ይልሃል፤ ቃሉ ይኸው ብቻ ነው፣ አልጨመርኩበትም። ኤይዲስ ናፍቆቷን ልካለች፤ በሚመጣው መስከረም ለአንተም ፈረስ አለ ትላለች። ብሌሲ በሁለቱም በኩል ያስወጣል። ሎፍቱርም እስቲ ይምጣና እንደገና እንታገል ብሎሃል። ማጥለቂያውን በፋሲካ እመልሳለሁ ብሎኛል፤ እኔም በማግስቱ ወደ ኒውዚላንድ በፖስታ እልከዋለሁ። እስከዚያ ቀጠሮህን ያዝ።

እህትህ ኦድኒ
ሆልት፣ ሀምራዳሉር፣ አይስላንድ
መስከረም 29 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.